ቡናማው እስኪወጣ

ላቦራቶሪው ውስጥ በስሟ የሚጠራት ከጠፋ ቆይቷል፤ ሁሉም «ሐምራዊት» ነው የሚላት። ከበሽተኛ ሰውነት በመርፌ የሚወሰደውን ቅንጣት ሥጋ ቀለም ነክራ ለዶክተሩ ማይክሮስኮፕ የምታዘጋጀው እሷ ናት። ቀጭኑን ብሩሽ በጓንት መያዝ ስለማይሆንላት ጓንቱን ታወልቃለች፤ ቀለሙም ያገኘውን ዕድል አያሳልፍም፤ አውራ ጣቷና ሌባ ጣቷ ጫፍ ላይ ሐምራዊ ሆኖ ይቀመጣል። በሳሙና ታጥበዋለች፣ በሎሚ ታሸዋለች፣ ደብዘዝ ይልና በማግስቱ ይመለሳል። ድሮ ትኮራበት ነበር። ባለፈው ዓመት አንዲት እናት ያንን ጣት አይተው ከደጃፋቸው ከመለሷት ወዲህ ግን ሰው ፊት ስትቀመጥ እጇን ቦርሳዋ ሥር መክተት ለምዳለች።

እኒያን እናት ዛሬ የምርመራ ክፍሉ አልጋ ላይ ተጋድመው አገኘቻቸው።

ከተማው ሁሉ «እትዬ» ነው የሚላቸው። ትልቁ የመጋረጃና የጨርቅ ሱቅ የሳቸው ነው። የሐምራዊት አባት በዚያው ሱቅ ጓዳ፣ ስፌት መኪና ላይ አጎንብሰው የሰው ሳሎን መጋረጃ ሲሰፉ ነው የሸበቱት። የእትዬ አንድ ልጅና የሰፊው ልጅ የተዋወቁትም እዚያው ጓዳ ውስጥ፣ በጨርቅ ቁርጥራጭ መሀል ነው። መተዋወቁ ወደ ፍቅር ሲያድግ ማንም አላየም፤ ያየው የአባቷ ስፌት መኪና ብቻ ነበር፤ እሱም ወሬ አያወጣም።

አሁን እትዬ ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ ተኝተዋል። ነጭ ጨርቅ ትከሻቸው ድረስ ተጎትቷል። ፊታቸው እንደ ድሮው ቆጣ ያለ ነው፤ ከነጩ ጨርቅ ሥር የወጡት እጆቻቸው ግን አልጋውን ጨብጠው ይዘዋል። ሐምራዊት የመስታወት ሳህኗን አቅፋ ከበሩ አጠገብ ቆመች። አላዩዋትም።

«እናቴ፣ ትንሽ ቆንጠጥ ያደርግዎታል፤» አሉ ዶክተሩ። ጠና ያሉ፣ ሥራ ሲከብድባቸው ቀልድ የሚፈልጉ ሰው ናቸው።

«ዕድሜዬን ሙሉ በመርፌ መሀል ነው የኖርኩት፣ ዶክተር። መርፌ አያስፈራኝም። የሚያስፈራኝ እብጠቱን ብረት ሲነካው እንዳይቆጣ ነው። እንዲህ ሲባል ሰምቻለሁ።»

«ብዙ ሰው ይለዋል። ግን መርፌዋ አታስቆጣውም፤ ማን እንደሆነ ጠይቃው ነው የምትመለሰው። በሩን ያንኳኳውን ሳያዩ ምን ሊያደርጉት ይችላሉ?»

እትዬ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቀጭኗ መርፌ ጡታቸው ላይ ወዳለችው እብጠት ገብታ ወጣች። ሐምራዊት ጠብታዋን መስታወት ላይ ተቀብላ በሌላ መስታወት ሳብ አደረገቻት፣ ፈጥኖ የሚይዘው ቀለም ውስጥ ነክራ አወጣቻትና ጥግ ያለው ማይክሮስኮፕ ላይ ጎንበስ አለች። ከዚህ እስከዚያ አየች። ለምርመራ የሚበቃ ነገር የለም።

«ዶክተር፣ ደም ብቻ ነው።»

«እንግዲያው ወፈር ባለችው እንድገመው።»

እትዬ ብድግ ለማለት ሞከሩ። «ልትደግሙት ነው? ከደገማችሁት አግኝታችሁታል ማለት ነው። ሳያገኝ ማን ይደግማል?» አሉና ድምፅ ወደሰሙበት ዞሩ። ያኔ አዩዋት።

«አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

ለዚህ ቀን ስንት ንግግር አዘጋጅታ ነበር! መንገድ ስትሄድ፣ ዕቃ ስታጥብ፣ አውቶቡስ ስትጠብቅ ደጋግማ የተለማመደችው መራራ ንግግር ነበራት። አንዱም አልመጣላትም። የመጣላት አልጋውን የጨበጠው እጅ ነው።

«እትዬ፣ ነጋዴ የጨርቅ ናሙና ይዞልዎት ሲመጣ፣ ያመጣው የጣቃውን ጠርዝ ብቻ ቢሆን ምን ይሉታል?»

እትዬ ገረመሟት። ስለ ጨርቅ ተጠይቀው ዝም ማለት ግን ተፈጥሯቸው አይደለም። «ከመሀሉ ቁረጥልኝ ነው የምለው። በጠርዝ ማን ጨርቅ ይገዛል?»

«እኛም ያመጣነው ጠርዙን ነው። አላገኘንም፤ ገና አልጠየቅነውም።»

ሴትዮዋ ትንፋሻቸውን ለቀቁ። ወደ ዶክተሩ ዞሩና፣ «በሉ ከመሀሉ ቁረጡ፤» አሉ።

ማደንዘዣው ተወጋ። ሁለተኛዋ መርፌ እንደ ስቴፕለር ቀጭ አለች። ይዛ የመጣችው ከስፌት የተረፈ ነጭ ክር የምትመስል ነገር ነበረች። ሐምራዊት በጥንቃቄ ሥጋ እንዳይበላሽ የሚያቆየው ፎርማሊን ያለባት ጠርሙስ ውስጥ ጣለቻት።

«ይቺን ክር ለማን ነው የምትሰጡት?» አሉ እትዬ።

«ለሷ፤» አሉ ዶክተሩ በአገጫቸው እያሳዩ።

እትዬ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። ሐምራዊት ጠርሙሷን በሁለት እጇ ይዛ ወጣች። ዓመቱን ሙሉ ልትጠላቸው ደክማለች፤ አሁን ግን ጥላቻዋን ብትፈልገው አጣችው፤ በቦታው የቀራት ፍርሃት ብቻ ነበር።

*

ኮሪደሩ ላይ ልጃቸው ቆሟል። የሱቁ ሠራተኞች «ሜትሩ» የሚሉት፣ የመለኪያ ሜትር ከአንገቱ ወርዶ ስለማያውቅ ነው። ዛሬም ከሱቅ እንደወጣ መጥቶ ቢጫው ሜትር ኮቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ሲያያት ሊጠጋ ፈለገና ጠርሙሷን አይቶ ባለበት ቀረ።

«ደህና ነሽ?»

«ደህና።»

«እዚህ ያመጣኋት እኔ ነኝ። አንቺ እንዳለሽ ግን አልነገርኳትም።»

«ለምን እዚህ?»

«ሌላ ሰው እጅ ላይ ጥያት እንቅልፍ ስለማይወስደኝ።»

ይህን ሲላት ልቧ ቀልጦ የሚገባበት አጣ። ግን የዚያን ቀን ነገርም አልተረሳትም። ሜትሩ እጇን ይዞ እናቱ ቤት ያስገባት ቀን እትዬ ከሁሉ በፊት ያዩት ጣቷን ነበር። «ይህ ምንድነው?» አሏት። ደስ እያላት ስለ ሥራዋ ነገረቻቸው። «የሰው ሥጋ የምትነክሪበት እጅ ነው ለልጄ ምሳ የሚያቀርብለት? የሰፊዬ ልጅ መሆንሽን ልቻለው ብል እንኳ ይህን አልችለውም፤» አሉ። ወሬው ጓዳ ደረሰ። አባቷ የጀመሩትን መጋረጃ ስፌት ጨርሰው፣ ክሩን በጥርሳቸው በጥሰው፣ ጨርቁን አጥፈው አስቀምጠው ወጡ፤ አልተመለሱም።

ለሜትሩ ያን ጊዜ ያለችው አጭር ነው፤ «እናትህ በገዛ አፋቸው ግቢ ካላሉኝ የሳቸውን ደጃፍ አላልፍም። አንተም እናትህን ጥለህ እንዳትመጣ፤ እናቱን የጣለ ነገ እኔንም ይጥላል።» እሱም ቃሏን አከበረ። ማክበሩ ደግ ነበር፤ ግን አንዳንድ ማክበር እንደ መርሳት ያማል።

«ምንድነው ያየሽው?» አለ አሁን፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ገና ነው። ደግሞም ዶክተሩ ሳያነቡት እኔ አልናገርም። ደንብ ነው።»

«እሺ፤ አትናገሪ። ዓይንሽን ብቻ አንሺልኝ።»

አላነሳችም። ሐምራዊት አንድ ልማድ አላት፤ የሰው ናሙና እጇ ላይ እስካለ ድረስ የቤተሰቡን ዓይን አታይም። ሥራ በጀመረችበት ሰሞን አንዲት ልጅ ኮሪደር ላይ ፊቷን አንብባ፣ ሐኪም ሳይነግራት «አባቴ ሊሞት ነው» ብላ ጮኻለች፤ ንባቡም ስህተት ነበር። ከዚያ ወዲህ ጫማ ጫማቸውን ነው የምታየው። ይህን ለሜትሩ ነግራው አታውቅም፤ እስካሁን የሚያስፈልግ አልነበረማ።

«ገባኝ፤» አለ። «እስካሁን ቂም ይዘሻል። ያዢ፤ መብትሽ ነው። ግን በሷ አትያዢው።»

ልትመልስለት አፏን ከፈተች፤ እንባዋ ቀደማት፤ እሱ እንዳያይባት ዞራ ሄደች። የጫማው ቅርፅ፣ ጫፉ ላይ ያለችው ጭረት ሳይቀር፣ ላቦራቶሪ ድረስ ከዓይኗ አልጠፋም።

*

ያቺ ክር ፎርማሊን ውስጥ አድራ፣ ውኃዋ ተመጥጦ ሰም ውስጥ ተቀበረች። ሐምራዊት የሰሙን ጡብ ማሽኑ ላይ አስራ ስትቆርጠው እንደ ጥብጣብ እየተያያዘ ወጣ፤ ከመሳሳቱ የተነሳ ትንፋሽ ይዞት ስለሚሄድ አየር ሳታስገባ ሳታስወጣ ለብ ያለ ውኃ ላይ አንሳፈፈችው። ከውኃው በመስታወት ቀለብ አድርጋ አደረቀችው። ቀጥሎ ቀለሙ ነው። የመጀመሪያው ከዛፍ ግንድ የሚወጣ ሐምራዊ ቀለም የሕዋሱን እምብርት ይይዛል፤ የቧንቧ ውኃ ሲያገኘው ወደ ሰማያዊ ይመለሳል። ሁለተኛው ሮዝ ነው፤ የቀረውን ሁሉ ያለብሰዋል። እጇ ይህን ሲሠራ አእምሮዋ ሌላ ቦታ መሄድ ይችል ነበር። ዛሬ ግን አልሄደም። መስታወቷን ይዛ ቆማ፣ «እባክህ፤» አለች፤ ለማን እንዳለችው ራሷም አታውቅም።

ዶክተሩ ማይክሮስኮፑ ላይ ብዙ ቆዩ። ቀልድ አላወጡም። በመጨረሻ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ።

«አለ፤» አሉ። «ካንሰር ነው። ግን ትንሽ ነው፤ ረጋ ያለም ይመስላል። በጊዜ ነው የመጡት። አሁን ሁሉ ነገር በቡናማው ላይ ነው።»

ለቤተሰቡ ሲነገር እሷ እንድትኖር የጠየቁት እትዬ ራሳቸው ናቸው። «ያቺ ቀለም ነካሪዋም ትምጣ፤» ብለው አስጠሯት። ጠረጴዛው ዙሪያ ተቀመጡ፤ ሜትሩ ከእናቱ አጠገብ፣ ሐምራዊት ከዶክተሩ ጎን። ዶክተሩ ሳይጠመዝዙ ነገሯቸው። ሜትሩ የእናቱን እጅ ያዘ። እትዬ እጃቸውን እንደሰጡት ትተው፣ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤

«ቡናማ ያላችሁት ምንድነው?»

«እንዲህ ያለው እብጠት አንዳንዱ የሚያድገው የራስዎን ሆርሞን እየተመገበ ነው፤» አሉ ዶክተሩ። «ያን የሚመገብበት አፍ ካለው፣ ሌላ ቀለም ስንነክረው እምብርቱ ቡናማ ይሆናል። ቡናማ ከሆነ፣ ቀዶ ጥገናው ካለቀ በኋላ በየቀኑ የሚዋጥ እንክብል አለ፤ ምግቡን ይዘጋበታል።»

«ካልሆነስ?»

«ሌላ መንገድ አለ። ግን መንገዱ ይከብዳል፣ እናቴ። አልዋሽዎትም።»

እትዬ ጥቂት አሰቡ። «እኔ ቀለም አውቃለሁ። ጥጥ ቀለም ይጠጣል፤ ናይለን ይተፋል። የኔው ከየትኛው ወገን እንደሆነ ልታዩ ነው።»

«በትክክል።»

ሴትዮዋ ወደ ሐምራዊት ዞሩ። ልጅቷ ጠረጴዛው ላይ የረሳቻትን እጇን ቶሎ ብላ ወደ ጭኗ አወረደች። እትዬ አዩ፤ የደበቀችውንም፣ መደበቋንም። ፊታቸው ላይ አንድ ነገር አለፈ።

«አትቸኩዪ፤» አሉ ቀስ ብለው። «ቀለም ችኮላ አይወድም። እኔ ልጠብቅ እችላለሁ።»

ከሜትሩ ዓይን ሸሽታ እንደተቀመጠች፣ «እሺ፣ እትዬ፤» አለች። ክፉ ከተናገሯት ሰው አፍ የመጣ የመጀመሪያው ለስላሳ ቃል ነው፤ እንዴት እንደሚቀበሉት ግራ ገባት።

*

አትቸኩዪ የተባለ ሰው የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ ይቸኩላል። በማግስቱ ከሁሉ ቀድማ ገባች፤ አዲሷን መስታወት አነሳች፤ ጠብታዎቹን ጨመረች፤ አጠበች፤ ሌላ ጨመረች። እጇ ይሠራል፤ ልቧ ግን የሱቁ ጓዳ ውስጥ፣ የኮሪደሩ ግድግዳ ሥር፣ የሴትዮዋ ለስላሳ ቃል ላይ ነው። ሁሉም ሲያልቅ ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ አለች።

ሰማያዊ። ዳር እስከ ዳር ሰማያዊ፤ የቡናማ ዘር የለበትም።

ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ናይለን፣ አለች በሆዷ። ተፋው። ዶክተሩ «ይከብዳል» ያሉት መንገድ ታያት፤ ሜትሩ እናቱን ደግፎ በዚያ መንገድ ሲሄድ ታያት። ፍቅሯ ይሳካ አይሳካ ያን ሰዓት አላሰበችውም፤ ሴትዮዋ እንዲኖሩ ብቻ ፈለገች። ከአንጀቷ አለቀሰች። እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ፣ ሥራ ነውና፣ ለመጨረሻ ጊዜ ልታየው ጎንበስ አለች።

ሁልጊዜ ከበሽተኛው ቁራጭ ጎን፣ መስታወቱ ጥግ ላይ፣ የሌላ ሰው ቁራጭ ይለጠፋል። ቡናማ እንደሚወጣለት ከዱሮ የታወቀ ነው፤ ቀለሙ ሥራውን መሥራቱን የሚመሰክር እሱ ነው። ሐምራዊት መስታወቱን ወደ ጥግ አንሸራተተችው።

ምስክሩም ሰማያዊ ነው።

እንደገና አየችው። ዓመት ሙሉ ቡናማ ሲሆን የኖረው ምስክር ዛሬ እንደ ሰማይ ሰማያዊ ሆኗል። ቀና ብላ ጠረጴዛዋን ቃኘች። ጥግ ላይ ያለችው የማፍያ ድስት ደርቃለች፤ ውኃ እንኳ አልተቀዳባትም። ይህን ቀለም ከመንከር በፊት መስታወቱ ትኩስ ውኃ ውስጥ መቆየት አለበት፤ ፎርማሊን የዘጋውን በር የሚከፍተው ሙቀቱ ነው። በስንት ዓመት ሥራዋ ረስታው አታውቅም። ዛሬ ረሳችው። በሩን ሳትከፍት ነው እንግዳው አልገባም ብላ ያለቀሰችው።

ያን ጊዜ ነው የባሰ ያለቀሰችው። ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ ደፍታ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ፣ እየሳቀች አለቀሰች። ስህተት ሠርቶ እንዲህ ያመሰገነ ሰው ይኖር ይሆን?

በሩ ላይ ካለችው ትንሽ መስታወት ኋላ ሜትሩ ቆሞ ነበር። ያን ቀን ኮሪደሩ ላይ በክፉ ስለተናገራት ይቅርታ ሊጠይቅ ነው የመጣው። የተንቀጠቀጠውን ትከሻዋን አየ፤ ሳቋን አልሰማም። ልጅቷ የያዘችው የማንን ናሙና እንደሆነ ያውቃል። ሊያንኳኳ ያነሳውን እጅ አወረደና፣ ግድግዳውን ይዞ፣ እንደ ሽማግሌ ሄደ። ቀና ስትል ያየችው የዞረ ጀርባውንና ከትከሻው ላይ የተንጠለጠለውን ቢጫ ሜትር ነው። ሮጣ በሩን ከፈተች፤ ኮሪደሩ ባዶ ነበር።

ለዶክተሩ ስትናገር አንገቷን ደፍታ ነው። «የማፍላቱን ነገር ዘልየዋለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤» አሉ ዶክተሩ። «ጥሩነቱ ያፈሰሽውን አይተሽዋል። በይ ልቀሚ። እኔም እጠብቃለሁ።»

ሁለተኛውን በእርጋታ ሠራችው። ውኃው ሲሞቅ አጠገቡ ቆመች። ጠብታውን ስትጨምር ለራሷ «ይጠጣ፣ ይጠጣ፤» ትላለች። አጥባ፣ አድርቃ፣ ራሷ ሳታየው ለዶክተሩ ሰጠቻቸው። እሳቸው አዩ፤ ወንበራቸውን ለቀቁላት።

«ነይ እይ።»

ምስክሩ ቡናማ ነው። ከሱ አጠገብ ያለው፣ የእትዬ የሆነው፣ ከምስክሩም ደምቋል። እምብርቱ ሁሉ፣ አንድም ሳይቀር በሚባል ሁኔታ፣ ቡናማውን ጠጥቶ ተቀምጧል።

ዶክተሩ ስልክ ደወሉ። የእትዬ ዝግ ነው። የሜትሩም ዝግ ነው። ስልካቸውን አስቀምጠው ልጅቷን ቃኟት፤ ስለ ሱቁና ስለ ጣቷ ታሪክ ሆስፒታሉ ውስጥ ያልሰማ የለም።

«ሂጂና ጥሪልኝ። እዚያው ንገሪን ካሉሽም ንገሪያቸው፤ አንብቤዋለሁ፣ ፈቅጃለሁ። ደንቡ የወጣው ለሰው ሲባል ነው።»

ነጭ የሥራ ጋዋኗን ሳታወልቅ ወጣች። ስንት ሰው ክፉ ወሬ ይዞ በመንገድ ያልፋል፤ እሷ ዛሬ ደግ ወሬ ተሸክማ ከብዷት ትሮጣለች።

*

የሱቁ በር ግማሹ ተዘግቷል። ግማሹ ጋ ስትደርስ እግሯ ቆመ። አንድ ደረጃ ብቻ ነው። ግን ቃሏ እዚያ ደረጃ ላይ ተቀምጧል።

ከውስጥ ጣቃ ሲንከባለል ይሰማል። እትዬ ባንኮኒው አጠገብ ወንበራቸው ላይ ናቸው፤ ሜትሩ የሚያወርድላቸውን ጣቃ እየዳሰሱ፣ ይህ ለእንትና ይሰጥ፣ ይህ ለአክስትህ ልጅ ይሁን ይላሉ። ትልቁ መቀሳቸው ልጁ ፊት ተቀምጧል። ለማንም አበድረውት የማያውቁት መቀስ ነው። ሜትሩ ምንም አልነገራቸውም፤ ግን ልጅ ፊቱን ከእናቱ የት ይሸሽገዋል?

ጥላዋን ያዩት እሳቸው ናቸው። እጃቸው ጣቃው ላይ ቆመ። ሜትሩም ዞረ፤ ሲያያት ፊቱ ላይ የቀረችው ደም ሄደች።

«እትዬ፤» አለች ሐምራዊት ከደረጃው በታች ሆና። «ዶክተሩ ናቸው የላኩኝ። ስልክ ቢደውሉ...»

«ቆይ፤» አሉ እትዬ። ባንኮኒውን ተደግፈው ተነሱ። «የመጣሽበትን አውቄዋለሁ። የዚህ ልጅ ፊት ነግሮኛል። ክፉም ቢሆን የኔ ነው፤ እሰማዋለሁ። ግን ደጃፌ ላይ ቆመሽ አትነግሪኝም። አንዴ ከዚህ ደጃፍ መልሼሻለሁ፤ ሁለተኛ አልመልስሽም። ግቢ።»

ሜትሩ የያዘው ጣቃ ከእጁ አምልጦ ወለሉ ላይ ተተረተረ። ሐምራዊት አልተንቀሳቀሰችም። ይህን ቃል ዓመት ሙሉ ጠብቃዋለች፤ ሲመጣ ግን እንዲህ ይመጣል ብላ አላሰበችም። ሴትዮዋ ሞታቸውን ሊሰሙ መስሏቸው፣ ምንም ሳይሰጣቸው በሩን ከፈቱላት።

«ግቢ አልኩሽ፣ ልጄ።»

ደረጃዋን ወጣች። ባንኮኒው ጋ ስትደርስ ጠርዙን ያዘች። እትዬ ፊት ለፊቷ ቆመው፣ እንደ ነጋዴ ሳይሆን እንደ እናት ጠየቋት።

«ጠጣ?»

«ጠጣ፣ እትዬ። እስኪጠግብ ጠጣ።»

እትዬ አልገባቸውም። ወደ ልጃቸው ዞሩ፤ እንደገና ወደሷ። «ይህ ልጅ ስታለቅሺ...»

«አለቀስኩ። በመጀመሪያው አልወጣም ነበር፤ ተስፋ ቆርጬ አለቀስኩ። ኋላ ሳየው ጥፋቱ የኔ ነው፤ ቸኩዬ ነው ያበላሸሁት። ያኔ ደስ ብሎኝ አለቀስኩ። እንደገና ሠራሁት። ዶክተሩ በዓይናቸው አይተዋል። ጥጥ ነዎት፣ እትዬ።»

እትዬ ወንበራቸው ላይ ቁጭ አሉ። አንድ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ «ተመስገን፤» አሉ፤ ድምፁ የወጣው ከሩቅ ነው። «ተመስገን። ታምሜ ተመስገን የምል አልመሰለኝም ነበር።» ሜትሩ የተተረተረው ጨርቅ ላይ ተንበርክኮ ራሱን እናቱ ጭን ላይ ጣለ፤ ትልቅ ሰውዬ ነው፣ ግን እንደ ሕፃን አለቀሰ። እናቱ ፀጉሩን እየደባበሱ በሌላው እጃቸው ሐምራዊትን ጠሯት።

«እስቲ እጅሽን።»

ልማድ ሆኖባት ወደ ኋላ ደበቀችው። እሳቸው እጃቸውን እንደዘረጉ ጠበቁ፤ መጠበቅ እችላለሁ ብለዋታል። ቀስ ብላ ሰጠቻቸው። እትዬ ጣቷን ወደ ብርሃኑ አዙረው፣ አዲስ የመጣ ጣቃ እንደሚያዩ አገላብጠው አዩት፤ ሐምራዊውን በአውራ ጣታቸው ፈተግ አደረጉት፤ አለቀቀም።

«ደህና ቀለም ነው፤» አሉ። ቀጥለውም ጎንበስ ብለው ጣቷን ሳሙት።

«እትዬ፣ ኧረ አይሆንም፣ እርስዎ...»

«ዝም በይ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ያን ቀን አመለጠኝ። ይህን እጅ ያልኩትን ብያለሁ፤ ዛሬ ይህ እጅ ነው ትኖሪያለሽ ያለኝ። እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ።» ቀና አሉና ዓይናቸውን በመሀረባቸው ጠረግ አድርገው የድሮው ቆጣ ያለ ድምፃቸውን ፈለጉት፤ ግማሹን አገኙት። «አባትሽ ጋ እኔው ራሴ እሄዳለሁ። ማንም እንዳይላክ። ትቶት የሄደውን መጋረጃ እስከ ዛሬ ለማንም አልሸጥኩትም፤ እንደሱ የሚሰፋ አጣሁ። የጠሉት ይወርሳል ሲሉኝ እስቅ ነበር። በይ ውረሺኝ፤ ግን ገና አልሞትኩም፤ ትጠብቂያለሽ።»

ሐምራዊት ስትስቅና ስታለቅስ በአንድነት ነበር። «እጠብቃለሁ፤ ብዙ ዓመት እጠብቃለሁ፤» አለች።

ሜትሩ ተነሳ። ዓይኑ ቀልቷል፤ ቢጫው መለኪያ አንገቱ ላይ ተጠማዟል። አጠገቧ መጥቶ ቆመ፤ እንደለመደችው ጫማውን አየች፤ ያቺው ጭረት አለች።

«በዚያ ሰሞን ቂም መስሎኝ ነበር፤» አላት። «ቂም ካልሆነ ለምንድነው አንዴ እንኳ ያላየሽኝ?»

«የሰው ናሙና እጄ ላይ እያለ የቤተሰቡን ዓይን አላይም። ሰው ዓይን ያነባል፤ ያነበበውም ስህተት ይሆናል። አንተም ትከሻዬን አንብበህ ነው ስልክህን የዘጋኸው።»

«አሁንስ እጅሽ ላይ ምን አለ?»

ሐምራዊት እጇን አየች። እትዬ የሳሙት ጣት ባንኮኒው ላይ፣ ሁሉም እያየው፣ ተዘርግቷል። የሚደበቅ ነገር አልነበረውም። ቀስ ብላ ዓይኗን አነሳች፤ ከጫማው፣ ከኮቱ፣ ከቢጫው ሜትር አልፋ ፊቱ ላይ አሳረፈችው።

«አሁን አንብብ፤» አለችው።

ብዙ አነበበ። እትዬ ትልቁን መቀሳቸውን ከልጃቸው ፊት አንስተው ወደ ቦታው መለሱና፣ «እናንተ አንብቡ፤ እኔ ሱቄን ልክፈት፤» ብለው የተዘጋውን ግማሽ በር ገፉት። የቀትር ብርሃን እስከ ጓዳው ገባ።